ፓንክረስት የሚለውን ስም ስናነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ፣ የአርበኞች መቃብር ባለበት በኩል አንዲት እንግሊዛዊት አርፋለች። ሲልቪያ ፓንክረስት ትባላለች። ልጇ፣ የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሪቻርድም እዚያው ግቢ ነው የተቀበረው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያ በኩል ሳልፍ ሁለት ወጣቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንደኛው «ይቺ እኮ ናት እንግሊዝ አገር ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው፣ ኤመሊን የምትባለው» አለ። ሁለተኛው «ኧረ የፕሮፌሰሩ ሚስት ናት» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። እዚያ ያረፈችው የኤመሊን ልጅ፣ የፕሮፌሰሩ እናት ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ልብ ብዬ መከታተል ጀመርኩ። ፌስቡክ ላይ፣ ሬዲዮ ላይ፣ አንዳንዴም ብዙ በተደከመባቸው ጽሑፎች ላይ ይህ ስም ይደበላለቃል። ለዚህ ቤተሰብ ያለን ፍቅር ትልቅ ነው። የምንወደውን ሰው ደግሞ ከእናቱና ከአያቱ ለይተን ማወቅ ይገባናል። ስለዚህ በብዛት የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ፓንክረስት»ን የአባት ስም አድርጎ መስማት

የእኛ ጆሮ ሁለተኛ ስም ሲሰማ የሚያስበው አባትን ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ሲባል፣ ፓንክረስት የሚባል ሰው ልጅ ወልዶ ሲልቪያ ብሎ ስም ያወጣላት ይመስለናል። እንግሊዞች ዘንድ እንደዚያ አይደለም። ፓንክረስት የአንድ ሰው ስም ሳይሆን ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ የቤተሰብ ስም ነው። አባትም፣ ልጅም፣ አግብታ የገባች ሚስትም በዚያው ይጠራሉ።

በእኛ ደንብ ብንጠራት ሲልቪያ ምን ትባል ነበር? አባቷ ሪቻርድ ነው። ስለዚህ ሲልቪያ ሪቻርድ። ልጇስ? የልጇ አባት ሲልቪዮ ይባላል። ስለዚህ ሪቻርድ ሲልቪዮ። አያችሁ፣ በእኛ አጠራር ፓንክረስት የሚለው ቃል ጭራሽ ይጠፋል፣ እናትና ልጅም በስም አይገናኙም። ይህን ልዩነት መጀመሪያ ካልያዝን ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይምታታብናል።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰውየውን አንዴ በሙሉ ስሙ ከጠራ በኋላ በቤተሰብ ስሙ ብቻ ይቀጥላል። ያንን እንዳለ ወደ አማርኛ ስናመጣው «ፓንክረስት በ1913 ታሰረች» ብለን እንጽፋለን። የትኛዋ? በዚያ ዓመት እናትየዋም ታስራለች፣ ሲልቪያም ታስራለች። አማርኛ ሰውን በራሱ ስም ነው የሚጠራው፣ ይህ ልማዳችን እዚህ ላይ በጣም ይጠቅመናል። ኤመሊን፣ ሲልቪያ፣ ሪቻርድ እያላችሁ ጻፉ። አንባቢም አይጠፋባችሁም።

ውጭ አገር ያለ ሰው ነገሩን በተቃራኒው ያውቀዋል። አሜሪካ የገባ ቤተሰብ ፎርም ላይ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስመዘግባል፤ ባልና ሚስት የተለያየ መጨረሻ ስም ይዘው ልጅ ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ጸሐፊዋ ግራ ትጋባለች፣ እነሱም ከአንድ ቤት መሆናቸውን ሲያስረዱ ይውላሉ። የእኛ ስም በእነሱ ሚዛን ሲለካ እንዲህ እንደሚዛባ ሁሉ የእነሱም በእኛ ሚዛን ይዛባል።

የስሙን ትርጉም በጆሮ መፍታት

አንዳንድ ሰው «ፓንክርስት» ብሎ ይጽፈውና መጨረሻውን ከክርስቶስ ጋር ያያይዘዋል። ሌላው ሁለት ቦታ ቆርጦ እያንዳንዱን በመዝገበ ቃላት ይፈልጋል። በጆሮ የተፈታ ስም ደስ የሚል ታሪክ ይሰጣል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይሆንም።

የስም አጥኚዎች ለፓንክረስት ሁለት መነሻ ይሰጡታል። አንደኛው ቦታ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰሴክስና በሰሬይ፣ ፒንክኸርስት የሚባሉ ቦታዎች አሉ። «ኸርስት» በድሮው እንግሊዝኛ ደን የለበሰ ኮረብታ ማለት ነው። ሚድኸርስት፣ ቢሊንግስኸርስት፣ ወታደራዊ አካዳሚው ያለበት ሳንድኸርስት፣ ሁሉም ከዚያው ቃል የመጡ ናቸው። ሳንድኸርስት ስትሉ «አሸዋማው ደን ኮረብታ» እንደማለት ነው።

ሁለተኛው መነሻ ለእኛ በጣም ቅርብ ነው። ስሙ ጴንጤቆስጤ ከሚለው የበዓል ስም የመጣ ነው ይላል። ጰራቅሊጦስ፣ በዓለ ሃምሳ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ በዓል ላይ የተወለደ ልጅ በበዓሉ ስም ይጠራ ነበር። ገና ላይ የተወለደው ኖኤል፣ ፋሲካ ላይ የተወለደው ፓስኮ፣ በጥምቀታቸው ሰሞን የተወለደችው ቲፋኒ፣ በጰራቅሊጦስ የተወለደው ደግሞ ፔንቴኮስት። ከዚያ ፔንቴኮስት የሚለው ረዥም ቃል በገበሬው አፍ ላይ እየተሸራረፈ መጣ። በ«ኸርስት» የሚያልቁ የቦታ ስሞች በሞሉበት አገር ጆሮው የለመደውን መጨረሻ ቀጠለለትና ፓንክኸርስት ሆነ።

ይህን ሳነብ እኛ ዘንድ ያሉት ፋሲካ፣ ልደቱ፣ ትንሣኤ የሚባሉ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ልጅን በተወለደበት በዓል መጥራት ከአገራችን ርቆ ያለ ሕዝብም ያደርገው የነበረ ነገር ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የእኛ ፋሲካ ከልጅ ልጆቹ በኋላ ከስም ላይ ይወርዳል። የእነሱ ፔንቴኮስት ግን በልጅ ልጆቹ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ሁለቱ መነሻዎች ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ቤተሰብ ከቦታው፣ ሌላው ከበዓሉ ስሙን ሊያገኝ ይችላል፤ በኋላ አጻጻፉ አንድ ሆነና አንድ ስም መሰለን። ስለዚህ «የፓንክረስት ትክክለኛ ትርጉም ይህ ብቻ ነው» የሚላችሁን ሰው ቶሎ አትመኑ።

አንድ ፊደል ብቻ ልክ ነው ማለት

እንግሊዝ ውስጥ የቤተሰብ ስም መያዝ የተስፋፋው ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት ነው። አጻጻፉ ግን ከዚያም በኋላ ለረዥም ጊዜ አልረጋም። ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ታዘዘ። የሚመዘግበው ቄሱ ወይም ጸሐፊው ነው። የሚጽፈው ደግሞ እንደሰማው ነው። አብዛኛው ሰው ማንበብ ስለማይችል «ስሜን ተሳስተሃል» አይለውም። ያንድ እናት ልጆች በሁለት ፊደል ተመዝግበው ቢገኙ አይግረማችሁ።

አማርኛ ላይም ያው ነው። ፓንክረስት፣ ፓንክኸርስት፣ ፓንክርስት፣ ፓንክሀርስት ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔ ፓንክረስት የምለው ብዙ ሰው የለመደው ስለሆነ ነው። ለእንግሊዝኛው አነባበብ የሚቀርበው ፓንክኸርስት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ግን ሁሉንም ሞክሩ፤ በአንዱ ፊደል ብቻ ፈልጋችሁ «ምንም የለም» ብላችሁ አትተዉ።

ፓንክረስት የተባለ ሁሉ ዘመድ ነው ብሎ ማሰብ

አይደለም። ይህ አጭር መልስ ነው። ስሙ በሰሴክስና በኬንት አካባቢ ከድሮ ጀምሮ የተዘራ ነው፣ ከሲልቪያ ቤት ጋር ምንም የደም ትስስር የሌላቸው ፓንክረስቶች አሉ። የቤተሰብ ስም ጎሳ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የንግድ ነገር አለ። «የቤተሰብዎ ጥንታዊ ዓርማ» እያሉ በስም የሚሸጡ ጋሻና አንበሳ ያለባቸው ሥዕሎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። በእንግሊዝ ሕግ ዓርማ የሚሰጠው ለስም አይደለም። ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው፣ ከዚያ ለእሱ ዘሮች ያልፋል። ጉዳዩን የሚይዘው ለንደን ያለው፣ በ1484 የተቋቋመው የዓርማዎች ኮሌጅ ነው። ስለዚህ «የፓንክረስት ዓርማ» ተብሎ የተለጠፈ ሥዕል ስታዩ ለጽሑፋችሁ ማስዋቢያ አታድርጉት።

ኤመሊንን በውልደቷ ፓንክረስት ማድረግ

ኤመሊን በ1858 ማንቸስተር ውስጥ ስትወለድ ኤመሊን ጎልደን ነበረች። ፓንክረስት የሆነችው በ1879 ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስት የሚባለውን ጠበቃ ስታገባ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እሱን ስንዘለው ሰውየውን ጭምር እንዘለዋለን።

ሰውየው ቀላል ሰው አልነበረም። በ1870 ፓርላማ የቀረበውን የመጀመሪያውን የሴቶች የመምረጥ መብት ረቂቅ ሕግ ያረቀቀው እሱ ነው። ኤመሊን ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ያገቡ ሴቶች የራሳቸው ንብረት እንዲኖራቸው የተደረገው ትግል ውስጥም ትልቅ ድርሻ ነበረው። እስከዚያ ድረስ ያገባች እንግሊዛዊት ሀብቷ በሕግ የባሏ ነበር። በ1898 በድንገት ሞተ፣ ለቤተሰቡም የተወው ዕዳ ነበር። ኤመሊን ሥራ ይዛ ልጆቿን እያሳደገች ከቆየች በኋላ በ1903 እዚያው ማንቸስተር ውስጥ የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የሚባለውን ድርጅት መሠረተች። መፈክራቸው «ተግባር እንጂ ቃል አይደለም» ነበር። ዓለም ፓንክረስት የሚለውን ስም ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙ የባልዋ፣ ዝናው የእሷ። ሁለቱንም መጥቀስ ፍትሕ ነው።

ኤመሊንና ሲልቪያን አንድ ማድረግ

ካቴድራሉ ጋ የሰማሁት የመጀመሪያው ወጣት ስህተት ይህ ነው፤ ከሁሉም በብዛት የማገኘውም ይኸው ነው።

ለመለየት አንድ ዓመት ብቻ ያዙ። ኤመሊን በሰኔ 14 ቀን 1928 ሞታለች። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን የወረረው በ1935 ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ጎን የቆመችው ኤመሊን ልትሆን አትችልም፤ ሰባት ዓመት አስቀድማ አርፋለች። የእሷ ሐውልት ለንደን ከፓርላማው አጠገብ በ1930 ቆሟል፣ በ2018 ደግሞ ማንቸስተር ሌላ አቆመችላት። ስትሞት ብሪታንያ ሴቶች ከ21 ዓመት ጀምሮ እንደ ወንዶች እኩል እንዲመርጡ የሚያደርገውን ሕግ ልታጸድቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ሕጉ የጸደቀው በሐምሌ 2 ቀን 1928 ነው። ከዚያ በፊት የ1918ቱ ሕግ የፈቀደው ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑና የንብረት መስፈርት ለሚያሟሉ ሴቶች ብቻ ነበር። (እነዚህ ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፉት፤ ወደ ወር ስሙ በኋላ እመለሳለሁ።)

ሲልቪያ ሁለተኛ ልጇ ናት፣ በ1882 ተወለደች። መጀመሪያ ሠዓሊ ነበረች፤ ለንደን በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተምራለች። ከእናቷ ጋር ታገለች፣ ታሰረች፣ እስር ቤት ምግብ አልበላም ስትል በጉሮሮዋ በቱቦ እየተገደደች ምግብ ገባባት። በኋላ ግን ትግሏን ወደ ምሥራቅ ለንደን ድሆች ወሰደችው። ፋሺዝም ጣሊያን ውስጥ ሲነሳ ከማንም ቀድማ አደጋውን ካዩት ሰዎች አንዷ ነበረች።

በግንቦት 1936፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን፣ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ ጀመረች። ጋዜጣው እስከ 1956 ድረስ ሃያ ዓመት ኖረ። ያ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። የብሪታንያ መንግሥት የጣሊያንን ወረራ እውቅና ሰጥቶ ነበር፣ ንጉሡ በስደት ባዝ ከተማ ነበሩ፣ ዓለም የኢትዮጵያ ነገር ያለቀ መስሎት ነበር። አንዲት ሴት ግን በየሳምንቱ «አላለቀም» እያለች ታትም ነበር። ከነፃነት በኋላም አልተወችንም። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ በማሰባሰብ ደክማለች፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል መነሻው እሱ ነው። በ1956 ጓዟን ጠቅልላ ከልጇ ጋር አዲስ አበባ መጣች፣ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚባል መጽሔት ጀመረች፣ በ1960 እዚሁ አረፈች። ንጉሠ ነገሥቱ በቀብሯ ተገኙ። ስትቀበር የተጠራችበት የክርስትና ስም ወለተ ክርስቶስ ነው።

ኤመሊን የኢትዮጵያን አፈር አልረገጠችም። ሲልቪያ እዚያው አፈር ውስጥ ናት። ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው።

ሪቻርድ ስሙን ከአባቱ ወረሰ ማለት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የስሙ ዋና ታሪክ ያለው እዚህ ነው።

ኤመሊን አምስት ልጆች ወለደች። ሦስት ሴቶች፣ ሁለት ወንዶች። ትልቁ ወንድ ልጅ ፍራንክ በ1888 በአራት ዓመቱ ሞተ። ሁለተኛው ሃሪ በ1910 በሃያ ዓመቱ ሞተ። እንግሊዝ ውስጥ የቤተሰብ ስም የሚያልፈው በወንድ ልጅ በኩል ነበርና በዚያ ቤት ስሙ እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። ከሴቶቹ የመጀመሪያዋ ክሪስታቤል አላገባችም። ሦስተኛዋ አዴላ አውስትራሊያ ሄዳ ቶም ዎልሽ የሚባል የመርከበኞች ማኅበር መሪ አገባችና አዴላ ዎልሽ ሆነች።

ሲልቪያስ? ሲልቪያ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር ትኖር ነበር። ሲልቪዮ ኮሪዮ ይባላል። አናርኪስት ነው (መንግሥት የሚባል አያስፈልግም የሚል)፣ ጋዜጠኛም ማተሚያ ሠራተኛም ነው፣ ከአገሩ የተሰደደ የፋሺስቶች ጠላት ነው። አብረው ኖሩ እንጂ አልተጋቡም። ሲልቪያ ጋብቻን እምቢ ያለችው በመርህ ነው፤ የባል ስምም አልወስድም አለች። በታኅሣሥ 1927፣ በ45 ዓመቷ፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ለልጁም የራሷን ስም ሰጠችው።

ያኔ ይህ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት የእናቷን ሁኔታ ማየት ይበቃል። ኤመሊን ያን ጊዜ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ውስጥ ገብታ ለፓርላማ ልትወዳደር እየተዘጋጀች ነበር። ልጇ ሳታገባ መውለዷን ጋዜጣ ላይ አወጣችው። ኤመሊን አዘነች፣ ተቆጣች፣ ልጇንም ማናገር ተወች። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተች። ሳይታረቁ ተለያዩ።

የልጁን ሙሉ ስም እዩት። ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክረስት። ሪቻርድ ለአባቷ መታሰቢያ ነው። ኪር የሠራተኞች ፓርቲ መሥራች ለሆነው ለኪር ሃርዲ፣ ለቅርብ ወዳጇ ነው። ፔቲክ ለትግል ጓደኛዋ ለኤመሊን ፔቲክ ሎረንስ ነው። ፓንክረስት ደግሞ የራሷ። አንዲት እናት በአንድ ሕፃን ላይ የምትወዳቸውን ሰዎች ሁሉ ሰብስባ ጻፈቻቸው።

ስለዚህ «ፕሮፌሰር ሪቻርድ የአባቱን ስም ይዞ» ብላችሁ ስትጽፉ የምታጠፉት አንድ ቃል ብቻ አይደለም። ከኤመሊን ቤት ፓንክረስት የሚለው ስም ዛሬ ድረስ የደረሰው አንዲት ሴት የባል ስም አልወስድም ስላለች ነው። ያንን ታጠፋላችሁ።

አባትየውን ሲልቪዮንም አትርሱት። ጣሊያናዊ ሆኖ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ከኢትዮጵያ ጎን ቆሞ ጋዜጣው ላይ ሠርቷል። በ1954 አረፈ፤ ሲልቪያ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ከእሱ ሞት በኋላ ነው። ልጁ ስሙን ባይይዝም ሥራው ውስጥ አለ።

ሁለቱን ሪቻርዶች ማምታታት

አጭር ነው። አያትየው ሪቻርድ ማርስደን ጠበቃ ነው፣ በ1898 ሞተ። የልጅ ልጁ ሪቻርድ የታሪክ ምሁር ነው፣ በ1927 ተወልዶ በ2017 አዲስ አበባ አረፈ። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር እሱ ነው። የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ለብዙ ዓመታት የጮኸውም እሱ ነው፤ ሐውልቱ በ2005 መጥቶ በ2008 ቆመ። አንድ ጽሑፍ ላይ «ሪቻርድ ፓንክረስት የሴቶችን የመምረጥ ሕግ አረቀቀ፣ በኋላም ኢትዮጵያ መጥቶ አስተማረ» የሚል አንብቤ አውቃለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ዕድሜ ተጨፍልቆ።

ስም አንድ ከሆነ አቋምም አንድ ነው ብሎ ማሰብ

«ፓንክረስቶች የጭቁኖች ወዳጅ ነበሩ» ብሎ በጅምላ መጻፍ ያምራል። ግን ይህ ቤት በፖለቲካ እንደተሰነጠቀ ቤት ብዙ አላየሁም።

በ1914 መጀመሪያ ክሪስታቤል ሲልቪያን ከድርጅቱ አስወጣቻት፤ ምክንያቱ ሲልቪያ ከሠራተኛው መደብ ጋር መሥራቷ ነው። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ኤመሊንና ክሪስታቤል ትግሉን አቁመው መንግሥትን ደገፉ፣ ወጣቶች እንዲዘምቱ ቀሰቀሱ። ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወመች፤ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ በርካሽ የሚበላበት ቤት፣ ለሕፃናት ወተት የሚታደልበት ቦታ፣ ለሥራ አጥ ሴቶች የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፈተች። አዴላ አውስትራሊያ ውስጥ የግዳጅ ምልመላን ስትቃወም ነበር። እናትና ልጆች በአንድ ጦርነት ላይ በሁለት ወገን ቆሙ።

መጨረሻቸውም አልተገናኘም። ክሪስታቤል የክርስቶስ ዳግም ምጽአት ሰባኪ ሆና በ1958 ሎስ አንጀለስ ሞተች። አዴላ በ1920 የአውስትራሊያ ኮሚኒስት ፓርቲን ከመሠረቱት አንዷ ነበረች፤ በኋላ ግን ወደ ቀኝ ሄደችና በ1942 ለጃፓን ታደላለህ ከተባለ የብሔርተኞች እንቅስቃሴ ጋር በነበራት ግንኙነት ታሰረች። ሲልቪያ ከኮሚኒስትነት ወጥታ የአንድ ንጉሠ ነገሥት ወዳጅ ሆነች። አንድ ስም ይዘው እነዚህን ሁሉ መንገዶች ሄደዋል። እያንዳንዷን በራሷ ሥራ መመዘን ነው የሚበጀው።

ቀንና ዓመተ ምሕረትን ማደባለቅ

ቅድም ወደ ወር ስም እመለሳለሁ ያልኩት ይህን ነው። «ሰኔ 14» ብዬ ስጽፍ የፈረንጆቹን ጁን ማለቴ ነው። ሳንገልጽ እንዲህ ከጻፍን አንባቢ የእኛ ሰኔ ይመስለዋል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ስትወስዱ ወይ እ.ኤ.አ. በሉ፣ ወይ ጨርሳችሁ ቀይሩት። ግማሽ በግማሽ መተው ነው ችግሩ።

ጨርሰን ስንቀይረው ደግሞ በእንግሊዝኛው የማይታይ ነገር ይወጣል። ሲልቪያ ያረፈችው በሴፕቴምበር 27 ቀን 1960 ነው ይላል እንግሊዝኛው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። የመስቀል ዕለት! ልደቷን ደግሞ የምታከብረው ሜይ 5 ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በሜይ 5 ቀን 1936 ነው፤ ንጉሡ ድል አድርገው የተመለሱት በሜይ 5 ቀን 1941 ነው። ያ ቀን ለእኛ ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች የድል በዓል ነው። ሲልቪያ ልደቷ በአገራችን ጨለማ ቀን ላይ ዋለ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም በነፃነቱ ቀን ላይ።

ሪታን መርሳት፣ አሉላንና ሔለንን «እንግሊዞቹ» ብሎ ማለፍ

ሁለተኛው ወጣት «የፕሮፌሰሩ ሚስት» ያላት ሌላ ሴት ናት። ሪታ ትባላለች። ሩማንያ ውስጥ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ እንግሊዝ የመጣች፣ ሪቻርድን እዚሁ አዲስ አበባ በ1957 ያገባች። ፓንክረስት የሚለውን ስም በጋብቻ የወሰደችው እሷ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ላለበት ደረጃ የበቃው በእሷም ድካም ነው፤ ተማሪ ሆኖ እዚያ ወንበር ላይ ያነበበ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የእሷ ባለዕዳ ነው። በ2019 አረፈች። ስለ ባሏና ስለ አማቷ ረዥም ጽሑፍ ጽፎ እሷን በአንድ መስመር ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነው።

ልጆቻቸው አሉላና ሔለን ናቸው። አሉላ አንትሮፖሎጂስት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ስላለው የገጠር ኑሮና ስለ ሰፈራ ብዙ ጽፏል። ሔለን በልማትና በሴቶች መብት ላይ ትሠራለች፤ የኤመሊን የልጅ ልጅ ልጅ ናት።

አሁን አሉላ ፓንክረስት የሚለውን ስም ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የመጀመሪያው ቃል ሲነሳ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ወዲያው ራስ አሉላንና ዶጋሊን ነው የሚያስበው። ሁለተኛው ቃል ከሰሴክስ ኮረብታ ወይም ከአንድ የጰራቅሊጦስ ሕፃን የመጣ ነው። በእኛ ደንብ ቢጠራ አሉላ ሪቻርድ ሲልቪዮ ይሆን ነበር፤ ያ የተሰደደው ጣሊያናዊ የፋሺስት ጠላትም እንደ አያት ስሙ ላይ ይገኝ ነበር። በእንግሊዞቹ ደንብ ደግሞ ሲልቪዮ ከስሙ ላይ የለም፣ ያለችው ሲልቪያ ናት።